በአይቲ አገልግሎት ካታሎግ ላይ እንደየጥያቄው የሚለያይ ማጽደቂያ እንዴት ይሠራል?

ደሴ ላይ ዋና ቢሮ፣ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካና መጋዘን ያለው ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው የአይቲ ጥያቄ በወረቀት ሲሄድ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ፎርሙ ኮምቦልቻ ይሞላል፤ ፈራሚው ደሴ ነው፤ ወረቀቱ በሹፌር እጅ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑ ጠረጴዛቸው ላይ ያድራል። ብዙ ድርጅቶች ከዚህ ለመገላገል የአገልግሎት ካታሎግ፣ ማለትም ሠራተኛው የሚፈልገውን ከዝርዝር መርጦ በኮምፒውተር የሚጠይቅበትን ሲስተም፣ ያስገባሉ። ከዚያ ግን ያንኑ የፊርማ ሰንሰለት እንዳለ ሲስተሙ ላይ ይገለብጡታል። የኪቦርድ ጥያቄም የሰርቨር ጥያቄም በክፍል ኃላፊ፣ በአይቲ ኃላፊና በፋይናንስ በኩል ያልፋል። ወረቀቱ ቀረ እንጂ ጥበቃው አልቀረም።

ከዚህ በታች የማሳየው ጥያቄው እንደ ዓይነቱ፣ እንደ ምክንያቱና እንደ ዋጋው ወደ ተለያየ አጽዳቂ እንዲሄድ፣ አንዳንዱ ደግሞ ያለማንም ፊርማ እንዲያልፍ የሚደረግበትን አሠራር ነው። የምጠቀመው ምሳሌ ሰርቪስናው የሚባለው የአይቲ ጥያቄዎች ማስተናገጃ ሲስተም ነው። እሱን ለማትጠቀሙና በነፃ ለምትሠሩ መጨረሻ ላይ ስለ ጂኤልፒአይ እጨምራለሁ።

1. መጀመሪያ ወረቀት ላይ

ሲስተሙን ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት አገልግሎት ብቻ ምረጡ። እኔ የምመክረው አንድ ተራ ዕቃ፣ አንድ ዋጋ ያለው ዕቃና አንድ ዕቃ ያልሆነ ጥያቄ ነው፤ ለምሳሌ ኪቦርድ፣ ላፕቶፕና የደመወዝ ሲስተም የመግቢያ ፈቃድ። ሦስቱ ሦስት ዓይነት መንገድ ስለሚፈልጉ በሌሎቹ አገልግሎቶች ላይ የሚገጥማችሁን አብዛኛውን ጉዳይ ቀድመው ያወጡላችኋል።

ለእያንዳንዳቸው ዛሬ የሚፈርሙትን ሰዎች በስማቸው ሳይሆን በሥራ መደባቸው ጻፉ። ቀጥሎ ስለ እያንዳንዱ መደብ ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ሰው «አይሆንም» የማለት ሥልጣን አለው? «አይሆንም» ለማለት የሚያበቃ መረጃስ በእጁ አለ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ካልሆነ ያ ሰው አጽዳቂ መሆን የለበትም። ጉዳዩን ማወቅ ብቻ ከፈለገ ማሳወቂያ ይላክለት፤ ጥያቄው ግን እሱን ቆሞ አይጠብቅ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ማስፈጸሚያ ነው።

የደመወዝ ሲስተሙን ምሳሌ እንይ። በብዙ ቦታ የመግቢያ ፈቃድ የሚፈርሙት የአይቲ ኃላፊው ናቸው፤ ምክንያቱም መግቢያውን የሚከፍተው የእሳቸው ክፍል ነው። ነገር ግን አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ደመወዝ ብቻ ይይ ወይስ የደሴውንም ይጨምር የሚለውን መወሰን የሚችሉት የመረጃው ባለቤቶች ናቸው፤ ሰው ሀብትና ፋይናንስ። መክፈት መቻልና መፍቀድ ይለያያሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ድርጅት ለያዘው የሠራተኛ መረጃ በሕግ ይጠየቃል፤ ስለዚህ በማን ፈቃድ ለማን እንደተከፈተ ካታሎጉ ውስጥ ተመዝግቦ መገኘቱ ትልቅ ጥቅም አለው።

ውጤቱን ማንም ሰው አንብቦ በሚረዳው ተራ አማርኛ አስፍሩት። የእኛ ምሳሌ ይህን ይመስላል፦

ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የፕሪንተር ቀለም፦ አጽዳቂ የለም፤ ቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል።
የተበላሸ ላፕቶፕ መተኪያ፣ መጋዘን ውስጥ ካለ፦ አጽዳቂ የለም፤ የአይቲ ባለሙያው ብልሽቱን አይቶ ያረጋግጣል።
ለአዲስ ሠራተኛ ላፕቶፕ፣ መጋዘን ውስጥ ካለ፦ የቅርብ ኃላፊ ብቻ።
መገዛት ያለበት ላፕቶፕ፦ የቅርብ ኃላፊ፣ ከዚያ ፋይናንስ።
ዋጋው ከተወሰነው ጣሪያ በላይ የሆነ ግዥ፦ በተጨማሪ ሥራ አስኪያጅ።
የደመወዝ ሲስተም፣ ለማየት ብቻ፦ የቅርብ ኃላፊና ሰው ሀብት።
የደመወዝ ሲስተም፣ ለመቀየር፦ ከላይ ባሉት ላይ ፋይናንስ ይጨመራል።

ይህን ገጽ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች አይተው ይስማሙበት። ከዝርዝሩ የሚወጣ ሰው ካለ በአካል ሄዳችሁ አስረዱት። ከፊርማ መውጣት ክብር የተነካ ሊመስል ይችላል፤ ማሳወቂያ እንደሚደርሰው ሲያውቅ ግን አብዛኛው ሰው ይስማማል።

2. ፎርሙ ሁኔታውን የሚነግር ይሁን

ሲስተሙ ጥያቄውን የሚመራው ፎርሙ ላይ በተሞላው መልስ ነው። ስለዚህ ከላይ በወረቀቱ ላይ «ካለ»፣ «ከሆነ»፣ «ለማየት»፣ «ለመቀየር» ያላችሁት ሁሉ ፎርሙ ላይ የራሱ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። መልሱም ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን። «ምክንያት» የሚል ባዶ ሳጥን ብቻ ካስቀመጣችሁ አንዱ «ተበላሽቷል»፣ ሌላው «አይሠራም»፣ ሦስተኛው «አሮጌ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ሲስተሙ ሦስቱን አንድ አድርጎ አይረዳም። የሚመረጠው «አዲስ ሠራተኛ»፣ «የተበላሸ መተኪያ»፣ «ተጨማሪ» ይሁንና ማብራሪያው ከሥሩ በነፃ ይጻፍ።

በሰርቪስናው «ሜንቴይን አይተምስ» ውስጥ ገብታችሁ የላፕቶፑን አገልግሎት ክፈቱና «ቫሪያብልስ» ከሚለው ዝርዝር ጥያቄዎቹን ጨምሩ። ለሚመረጥ መልስ «ሰሌክት ቦክስ»፣ ለሰው ስም ደግሞ ከተጠቃሚዎች መዝገብ የሚያመጣውን «ሬፈረንስ» ተጠቀሙ። ሠራተኛው የሚያየው ጥያቄ በአማርኛ ይሁን፤ የውስጥ መለያ ስሙን ግን አጭርና በላቲን ፊደል አድርጉት፤ በኋላ ሁኔታ ስትጽፉ የምትፈልጉት በእሱ ነው።

ሠራተኛው የማያውቀውን አትጠይቁት። መጋዘን ውስጥ ላፕቶፕ መኖሩን ኮምቦልቻ ማሽን ላይ ያለው የጥራት ተቆጣጣሪ ከየት ያውቃል? የዕቃ መዝገባችሁ ሲስተሙ ውስጥ ካለ ከዚያ ይነበብ። ከሌለ ከማጽደቂያው በፊት ለንብረት ክፍል «አለ ወይስ የለም» የሚል አጭር ሥራ ይላክ። ዋጋም እንዲሁ ነው፤ ጠያቂው እንዲገምት አይደረግም።

3. የዋጋ ጣሪያው አንድ ቦታ ይቀመጥ

የገንዘቡን ጣሪያ በየፍሎው (ሲስተሙ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ በሚመራበት ቅደም ተከተል) ውስጥ አትጻፉት። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በፍጥነት እየተለዋወጠ ነው፤ አምና ትልቅ ግዥ የሚባለው ገንዘብ ዛሬ አንድ ተራ ላፕቶፕ ላይገዛ ይችላል። ቁጥሩ በአሥር ቦታ ከተጻፈ አንዱ ሳይቀየር መቅረቱ አይቀርም። በሲስተሙ ማዋቀሪያ ውስጥ እንደ አንድ «ፕሮፐርቲ» (ስም የተሰጠው ቋሚ ቁጥር) ወይም በ«ዲሲዥን ቴብል» (የሁኔታና የውሳኔ ሠንጠረዥ) አስቀምጡትና ሁሉም ከዚያ ያንብብ። ፋይናንስ ጣሪያውን ሲቀይር እናንተም አንድ ቁጥር ብቻ ትቀይራላችሁ።

በሰርቪስናው ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ነባር የጥያቄ ማጽደቂያ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነውን በራሱ ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ደግሞ ለማጽደቅ ያቆመዋል። ገንዘቡ ዶላር ሆኖ እንደተቀመጠ ዋጋችሁን በብር ቁጥር ካስገባችሁ ትንሹም ዕቃ ከጣሪያው በላይ ይሆናል። መጀመሪያ ገንዘቡን ወደ ብር አስተካክሉ። ቀጥሎ ያን ነባር ማጽደቂያ ማቆየት አለማቆየታችሁን ወስኑ። ካቆያችሁት እናንተ ለላፕቶፑ የሠራችሁት ፍሎው የሚጀምረው አጠቃላይ ጥያቄው ከጸደቀ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል።

4. ፍሎውን መሥራት

ልምምዱን በሥራ ላይ ባለው ሲስተም አታድርጉት። ሰርቪስናው ለገንቢዎች በነፃ የሚሰጠው የግል መለማመጃ አለ፤ ለተወሰኑ ቀናት ካልተጠቀማችሁበት መልሶ ስለሚወስደው የሠራችሁትን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

«ፍሎው ዲዛይነር» ውስጥ አዲስ ፍሎው ክፈቱና መነሻውን «ሰርቪስ ካታሎግ» አድርጉ። የመጀመሪያው እርምጃ «ጌት ካታሎግ ቫሪያብልስ» ነው፤ እዚህ ላይ የላፕቶፑን አገልግሎት መርጣችሁ የምትፈልጓቸውን ጥያቄዎች ወደ ቀኝ አሳልፉ። ይህን ከዘለላችሁት ቀጥሎ በሚመጣው ሁኔታ ውስጥ መልሶቹ አይገኙም።

ከዚያ ሁኔታ የሚጻፍበትን «ኢፍ»፣ ለተከታዮቹ ሁኔታዎች ደግሞ «ኤልስ ኢፍ» ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ፤ ማጽደቂያ የማያስፈልገው ከላይ፣ ጠባቡ ሁኔታ ቀጥሎ፣ ሰፊው መጨረሻ ይሁን። ለእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው «ምክንያቱ የተበላሸ መተኪያ ነው፣ መጋዘን ውስጥም አለ» ይሆናል፤ እዚህ ውስጥ ያለው ለአይቲ ባለሙያው የሚከፈት የምርመራ ሥራ ብቻ ነው። ሁለተኛው «መጋዘን ውስጥ አለ» ሲሆን የቅርብ ኃላፊውን ይጠይቃል። ሦስተኛው «መጋዘን ውስጥ የለም» ነው፤ ይህ ግዥ ነው። ከሁሉም ያመለጠ ጥያቄ ቢኖር የሚያርፍበት የመጨረሻ «ኤልስ» አትርሱ፤ ወደ አንድ ኃላፊነት ያለበት ቡድን ይሂድ እንጂ በዝምታ አይለፍ።

አጽዳቂውን የሚጠይቀው እርምጃ «አስክ ፎር አፕሩቫል» ነው። «ሬኮርድ» በሚለው ቦታ የተጠየቀውን ዕቃ መዝገብ አስገቡ። ደንቡ ላይ «ማንኛውም አንድ ሰው ካጸደቀ» ወይም «ሁሉም ካጸደቁ» ብላችሁ ትመርጣላችሁ። ለፋይናንስ ቡድን አንድ ሰው ይበቃል። ለደመወዝ ሲስተም ግን የቅርብ ኃላፊውም ሰው ሀብትም ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ማን ይቅደም የሚለውንም አስቡበት። ግዥ ላይ የቅርብ ኃላፊው ይቅደሙ፤ እሳቸው ካልተቀበሉት ፋይናንስን ማስቸገር አያስፈልግም። አንዱ የሌላውን መልስ የማይጠብቅ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይጠየቁ፤ ጊዜ ይተርፋል።

ፍሎው ሲያልቅ አስቀምጡ፣ ሞክሩ፣ አግብሩ፤ ከዚያ ወደ አገልግሎቱ ተመልሳችሁ «ፕሮሰስ ኤንጅን» በሚለው ክፍል ይህን ፍሎው ምረጡለት።

5. «የቅርብ ኃላፊ» ማን ነው?

ሁኔታ ያለው ማጽደቂያ የሚበላሽበት ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ መንስኤውም ብዙውን ጊዜ ፍሎው ሳይሆን የሠራተኛ መዝገቡ ነው። ሲስተሙ የቅርብ ኃላፊውን የሚያገኘው በሠራተኛው መዝገብ ላይ ከተጻፈው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የተዛወረ ሠራተኛ ዛሬም የድሮ ኃላፊው ስም አብሮት ሊኖር ይችላል። አዲስ የተቀጠረው ደግሞ ኃላፊው ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍሎውን ከመጀመራችሁ በፊት ኃላፊያቸው ባዶ የሆኑትንና ኃላፊያቸው ሥራ የለቀቁትን ሠራተኞች ዝርዝር አውጥታችሁ ለሰው ሀብት ስጡ። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ሌላ የሚተካው ነገር የለም።

ፍሎው ውስጥም ቀድማችሁ ጠብቁት። ከማጽደቂያው በፊት «ኃላፊው ባዶ ከሆነ» የሚል «ኢፍ» አስገቡና ጥያቄው ወደ ሰው ሀብት ቡድን እንዲሄድ አድርጉ። ኃላፊው ራሱ ጠያቂ የሆነበትንም አስቡ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለራሳቸው ላፕቶፕ ቢጠይቁ ማን ያጸድቃል? ማንም የራሱን ጥያቄ እንዳያጸድቅ ሁኔታ ይጻፍለት። እንዲሁም ኃላፊው የሚፈለገው ዕቃው ለሚሰጠው ሰው ነው፤ ፎርሙን የሞላለት ጸሐፊ ከሆነች የእሷን ኃላፊ እንዳይጠይቅ ተጠንቀቁ።

ኃላፊው ዓመት ፈቃድ ሲወጡ ወይም አዲስ አበባ ለስብሰባ ሲሄዱ በራሳቸው መዝገብ ላይ ውክልና ይሰጣሉ፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ማጽደቅንም እንደሚጨምር ምልክት ይደረጋል። ይህን አንድ ጊዜ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አሳዩአቸው። አለበለዚያ የሚሆነው ይታወቃል፤ ሠራተኛው ይደውላል፣ ኃላፊው «አብሽር፣ ይስጡህ፣ ስመለስ አጸድቃለሁ» ይላሉ፣ የአይቲ ባለሙያውም በራሱ መግቢያ ገብቶ ያጸድቅላቸዋል። ይህ በጭራሽ መደረግ የለበትም፤ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ያልወሰነ ሰው ስም ነው። ኃላፊው ስልካቸው ላይ የሚደርሳቸውን ኢሜይል በመመለስ ማጽደቅ እንዲችሉ አድርጉ፤ ያኔ ስልክ ከመደወል ይቀላል።

6. ለአጽዳቂው የሚደርሰው መልእክት

ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው መልእክት የጥያቄ ቁጥር እንጂ ለመወሰን የሚረዳ ነገር ብዙም የለውም። ኃላፊው ሊንክ ሳይከፍቱ የሚወስኑበትን ጻፉላቸው፦

«የኮምቦልቻ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ለአዲስ ሠራተኛ 1 ላፕቶፕ ጠይቋል። መጋዘን ውስጥ የለም፤ መገዛት አለበት። የቅርብ ኃላፊ አጽድቀዋል። እርስዎ ካጸደቁ ወደ ግዥ ክፍል ይሄዳል። ካልተቀበሉት እባክዎ ምክንያትዎን ይጻፉ፤ ለጠያቂው ይደርሰዋል።»

ለምን እሳቸው ጋ እንደመጣም አንድ መስመር ጨምሩ፤ «ዋጋው ከጣሪያው በላይ ስለሆነ» ወይም «የደመወዝ መረጃ ስለሆነ»። ሰው ለምን እንደተጠየቀ ሲያውቅ በትኩረት ያያል።

7. ጊዜ፣ በዓልና ዝምታ

አጽዳቂው ዝም ካለ ምን ይሁን? «አስክ ፎር አፕሩቫል» ላይ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶት ጊዜው ሲያልፍ በራሱ እንዲያጸድቅ፣ እንዳይቀበል ወይም እንዲሰርዝ ማድረግ ይቻላል። ዝምታን እንደ «እሺ» መቁጠርን ለገንዘብና ለመረጃ ፈቃድ አልመክርም። ማስታወሻ ይላክ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ኃላፊ ይለፍ።

ገደቡ በሥራ ሰዓት ይቆጠር። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጋችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት 7:30 እስከ 11:30 ሙሉ፤ ሲስተሙ ላይ ይህ 8:30–12:30 እና 13:30–17:30 ተብሎ ይገባል። ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ለብቻው ይሞላል። ፋብሪካው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የራሱ መርሐ ግብር ይኑረው።

በዓላቱን «በየዓመቱ ይደገም» ብላችሁ አትለፏቸው። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ፤ ፋሲካም ተንቀሳቃሽ ነው። እንቁጣጣሽ እንኳ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም፤ መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የመጪውን ዓመት በዓላት የሚሞላ አንድ ሰው መድቡ።

8. አይሆንም ሲባል

አብዛኛው ሰው ፍሎውን የሚሠራው «ከጸደቀ» ለሚለው ብቻ ነው። ያልጸደቀው ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ጠያቂውም ይጠብቃል። ከእያንዳንዱ ማጽደቂያ በኋላ ውጤቱን የሚያይ «ኢፍ» ይኑር። ካልጸደቀ ጥያቄው ይዘጋ፣ የአጽዳቂው ምክንያት ለጠያቂው ይላክ። ምክንያት ሳይጻፍ አለመቀበል እንዳይቻል አድርጉ።

ከጸደቀ ደግሞ የሚከፈተው ሥራ እውነተኛውን አሠራር ይከተል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣው በሞዴል 20 ቅጽ ተጠይቆ በሞዴል 22 ቅጽ ነው፤ ካታሎጉ ይህን አይተካም። ለንብረት ክፍል የሚሄደው ሥራ ላይ የሞዴል 22 ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አስቀምጡ፤ ኦዲተር ሲመጣ ሁለቱ መዝገቦች ይገናኛሉ።

9. ሙከራ

በወረቀቱ ላይ ላለው እያንዳንዱ መስመር አንድ የሙከራ ጥያቄ አስገቡ። በእነሱ ላይ የግድ ጨምሩ፦ ኃላፊ የሌለው ሠራተኛ፣ ራሱ ኃላፊ የሆነ ጠያቂ፣ ውክልና የሰጠ ኃላፊ፣ ዋጋው ልክ ጣሪያው ላይ ያረፈ ዕቃ። የመጨረሻው በተለይ ያወዛግባል፤ «ከ...ጀምሮ» እና «ከ...በላይ» በወረቀቱ ላይ ተለይተው ካልተጻፉ እዚህ ይታያል። ሙከራውን የአይቲ ሰው ብቻ አያድርገው፤ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ሠራተኛና ደሴ ካሉ አንድ ኃላፊ ጋር በእውነተኛ ስልካቸው ሞክሩት።

ፍሎውን በኋላ ስታሻሽሉ ቀድሞ የተጀመሩ ጥያቄዎች በጀመሩበት አሮጌ አሠራር ይጨርሳሉ። ስለዚህ በአስቸኳይ የምትቀይሩት ስህተት ካለ በመንገድ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ለይታችሁ አንድ በአንድ ተመልከቷቸው።

ሥራ ላይ ከዋለ ከተወሰኑ ወራት በኋላ የማጽደቂያ መዝገቡን አውጡና አንድም ጊዜ «አይሆንም» ያልተባለበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ያሉትን አጽዳቂ አነጋግሩ። መረጃ ጎድሏቸው ከሆነ መልእክቱን አስተካክሉ፤ የሚወስኑት ነገር ከሌለ ግን ወደ ማሳወቂያ ይዛወሩ።

10. በጂኤልፒአይ ለምትሠሩ

ጂኤልፒአይ በነፃ የሚገኝ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ሲስተም ነው። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ መጫን ስለሚቻል የውጭ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በግቢው ኔትወርክ መሥራቱን ይቀጥላል። ከስሪት 11 ጀምሮ ፎርምና የአገልግሎት ካታሎግ አብሮት ይመጣል።

ሁኔታዎቹን የምትጽፉት ለቲኬት (ሲስተሙ ውስጥ ለተመዘገበ ጥያቄ) በተዘጋጁት የሥራ ደንቦች ውስጥ ነው። በአንድ በኩል መስፈርቱን፣ ለምሳሌ ምድብ፣ የጠያቂ ቡድን ወይም ቦታ፣ ትመርጣላችሁ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የማጽደቂያ ጥያቄ ለማን እንደሚላክ ትወስናላችሁ። በጣም ቀላሉ መንገድ ምድቦቹን እንደ ወረቀቱ መከፋፈል ነው፤ «ላፕቶፕ፣ መተኪያ»፣ «ላፕቶፕ፣ አዲስ ሠራተኛ»፣ «ደመወዝ ሲስተም፣ ማየት»፣ «ደመወዝ ሲስተም፣ መቀየር»። ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ደንብ ይበቃዋል። ሁለት ሰው ማጽደቅ ካለባቸው ዝቅተኛውን የማጽደቂያ መጠን 100 በመቶ አድርጉት፤ 50 ላይ ከተዋችሁት የአንዱ እሺታ ብቻ ያሳልፈዋል።